ባለቤቴ ልጁን በደረቷ አቅፋ ታለቅሳለች፤ ካንጋሮውን እናቋርጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደችው ቀኗ ሳይደርስ፣ በ32ኛው ሳምንት ነው። ልጁ ሲወለድ 1.6 ኪሎ ነበር። ሙቀት ክፍል ቆይቶ ወጣ። አሁን አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ 2 ኪሎም አልፏል። ነርሶቹ «ካንጋሮ» ብለው እንዳሳዩን ባለቤቴ ቀንም ሌሊትም ልጁን ቆዳ ለቆዳ በደረቷ ታቅፈዋለች። ግን የማውቃት ሴት አይደለችም። ምግብ አትበላም። ልጁ ሲተኛ እንኳ አትተኛም፣ ትንፋሹን ስታዳምጥ ታድራለች። «ያለ ቀኑ የወለድኩት በእኔ ጥፋት ነው» እያለች ታለቅሳለች። እናቴ «ዓይን ነው» ብላ መጋረጃውን ዘግታ ሰው አታስገባም። እኔ ደግሞ ማቀፉ የጎዳት መሰለኝ። ካንጋሮውን እናቋርጥ? ካልሆነስ እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። አታቋርጡ። ግን አሁን በያዛችሁት መንገድም አትቀጥሉ። አንድ ሰው ቀንም ሌሊትም ብቻውን ከያዘ መድከሙ አይቀርም። ከጻፉልኝ ውስጥ ግን ከድካም የሚያልፍ ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ልጁ። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር በቂ ስብ የለውም፣ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። ሲበርደው የጠባው ወተት ሁሉ ለመሞቅ ይውልና ክብደት መጨመሩ ይቀራል። ሲብስም ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ባሕር ዳር እኮ ሞቃት ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። የሚያዝያ ቀትር የሚሞቀው ለእኔና ለእርስዎ ነው። ለ2 ኪሎ ልጅ ሌሊቱ ይበርዳል። እባካችሁ ግን ክፍሉን በከሰል አታሙቁ። ጭሱና ሽታ የሌለው መርዙ ለዚያች ትንሽ ሳንባ ከብርዱ ይብሳል።

የካንጋሮ ዘዴ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ነው። ማሞቂያ ማሽን አልበቃ ብሎ ሕፃናት በአንዱ ተደራርበው ሲተኙ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ልጆቹን ለእናቶቻቸው ደረት ሰጧቸው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የድሃ አገር መላ ይመስለዋል፤ ተሳስቷል። በ2021 የታተመ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት አለ። ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ በታች የሆኑ ሕፃናት ገና እንደተወለዱ በደረት ሲያዙ፣ መጀመሪያ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ይልቅ ሞት በ25 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል።

ይህን ሰዓት ግን እናት ብቻ ትሙላው ያለ የለም። አባት ደረት አለው። አያትም አላት። እርስዎ ከሥራ ሲመለሱ ይታጠቡ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁና ልጁን ይቀበሉ። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ደረትዎ ላይ ይሁን። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ። ራሱ ወደ ጎን ይዙር፣ አገጩ ወደ ደረቱ አይደፋ፤ አየር የሚዘጋበት ያን ጊዜ ነው። በነጠላ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፣ የጨርቁ ጫፍ ከጆሮው ሥር ይድረስ። አንዴ ከያዙ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይያዙት፤ ቶሎ ቶሎ ማውጣት ማግባቱ ይረብሸዋል። ጋደም ሲሉ ጀርባዎን በትራስ ከፍ አድርገው ይደገፉ እንጂ ተዘርግተው አይተኙ። ጠጥተው ከሆነ አይንኩት። ትኩስ ቡናም ልጁን ይዞ አይጠጣም። ሌሊት ሁላችሁም አጎበር ውስጥ ግቡ፤ ጣና ዳር መሆናችንን ወባ አትረሳውም።

እርስዎ ሲይዙ እሷ ትተኛ። ሌላ ክፍል ካለ እዚያ። ልጁ በየ2 እና 3 ሰዓቱ መመገብ ስላለበት የታለበ ወተት በንጹሕ ሲኒ ማጠጣትን ከነርሶቹ ይማሩ። እንዲህ ከሆነ አራት ሰዓት ያህል ሳትቆራረጥ መተኛት ትችላለች።

አሁን ወደ እሷ። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ግን ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ ባሻት፣ አለቀሰች ቢሉኝ «ያልፋል» እል ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ምግብ ከጠላች፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ካጣችና ራሷን እየወቀሰች ከሆነ ድባቴ መሆኑን መጠርጠር አለብን። ያለ ቀናቸው የወለዱ እናቶች ላይ ይበዛል። ልጁ እንደተወለደ ተወስዶባቸዋል። በመስታወት እያዩ «ዛሬ ይሞትብኝ ይሆን?» ብለው አድረዋል። ወተቱ አልመጣ ብሎ አልቅሰዋል። ልጁ ሲድን ሁሉም ሰው «እግዜር ይመስገን» ይልና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የእሷ ፍርሃት ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። የ45 ቀን ክትባት ሲደርስ ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ብዙ ጊዜ የለም። ይህ የእኛ የሐኪሞቹ ጉድለት ነው፣ ሳልናገር አላልፍም።

ካንጋሮ ራሱ የእናትን ድባቴ እንደሚያቀል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ላለማቋረጣችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሕክምናን ግን አይተካም።

ጥፋቱን በተመለከተ፦ ከባድ ነገር ስላነሳች ወይም ስለተናደደች አይደለም። መንታ፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ ወባ ምክንያት ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም። ይህን ከእርስዎ አፍ ትስማ፣ ደጋግማ። «በርቺ፣ ጠንክሪ» የሚለውን ግን ይተዉት። ለድባቴ ሰው ወቀሳ ሆኖ ይሰማል።

ከእናትዎ ጋር በዓይን ጉዳይ አይከራከሩ። ለትንሽ ልጅ እንግዳ ማብዛት በሽታ ስለሚያመጣበት የእሳቸው ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው። መጋረጃው ግን ይከፈት። አንድ የምትወዳት እህት ወይም ጓደኛ፣ ጉንፋን የሌለባት፣ እጇን ታጥባ ትግባ። ለእማማም ሥራ ይስጧቸው፦ ጠዋት ጠዋት ልጁን በደረታቸው ይያዙ። ጸበል ልውሰዳት ካሉ እሷ ትሂድ፣ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላትም ሳታቋርጥ። ልጁ ግን ከጡት ወተትና ሐኪም ካዘዘለት በቀር ውኃም ቅቤም አይቅመስ።

በዚህ ሳምንት ይዘዋት ይሂዱ። ቅርባችሁ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በአሥር አጫጭር ጥያቄዎች የሚሠራ መለኪያ አለ፣ ይጠይቋታል። ደም ማነስና የእንቅርት እጢ ችግርም አብረው ይታዩ፣ እነሱም እንዲህ ያደርጋሉ፤ ደም ግፊቷም ይለካ። ሕክምናው የንግግር ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒትም ሊታዘዝ ይችላል። እንደ ሰርትራሊን ያሉ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ አሉ። ልጁ ያለ ቀኑ መወለዱን ለሐኪሙ ይንገሩ። በራሳችሁ ጡት አታስጥሉ።

ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «ብሞት ይሻላል ብለሽ ታስቢያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም። አዎ ካለች፣ ልጁን ለመጉዳት ካሰበች፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች ወይም ነገሯ ከተዘበራረቀ ቀጠሮ የለም። በዚያው ሰዓት ባጃጅ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል። ብቻዋን ከልጁ ጋር አትተዋት። ልጁም መጥባት ካቆመ፣ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ፣ ሰማያዊ ከሆነ ወይም እስከ መዳፉ ድረስ ቢጫ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ እንዲሁ።

«እስከ መቼ?» ላሉት፦ ብዙ ጊዜ 2.5 ኪሎ ገደማ ሲደርስ ነው። ያኔ ይሞቀዋል፣ ይወራጫል፣ እጅና እግሩን ከጨርቁ ያወጣል፣ ሲታሰር ያለቅሳል። ከዚያ በኋላ ከታጠበ በኋላና በብርድ ሌሊት ብቻ ብትይዙት ይበቃል።