ነጭ ጋውን ለምትለብሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በአዋላጅነት ስለገፋሁ ሳልሸፋፍን ነው የምጽፍላችሁ። ጉዳዩ በግብፅ ያለው የሴት ልጅ ግርዛት ነው፤ ግን ሙያችንን ይነካል።

ናዋል ኤል ሳዳዊ ግብፃዊት ሐኪም ነበረች። በስድስት ዓመቷ ሌሊት ከአልጋዋ አንስተው፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አጋድመው ቂንጥሯን ቆረጡት። እናቷን ስትጣራ፣ እናቷ እዚያው ከቆራጮቹ ጋር ቆማ ነበር። ሐኪም ከሆነች በኋላ ስለ ሴት ልጅ ገላና ስሜት በግልጽ ጻፈች። በ1972 እ.ኤ.አ. ከጤና ሚኒስቴር ኃላፊነቷ አባረሯት።

ለምን ይቆረጣል? ስሜቷን ለማብረድ ነው፤ ይህን ማንም አይደብቅም። ሳታገባ እንዳትፈልግ፣ ካገባችም አብዝታ እንዳትፈልግ። የእኛዎቹስ "ካልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች" ይሉ የለ? ሃይማኖት ነው ለሚሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ግብፅ ውስጥ ሙስሊሙም ኮፕቱም (የአገሩ ክርስቲያንም) ይገርዛል፤ ሞሮኮና አልጄሪያ ልማዱ የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ግብፅ ውስጥ ለዓመታት ሲሰበክ የኖረው "ደም ይፈስሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል" የሚል ነበር። እውነት ነው። ወላጆችም ሰሙ፤ ሰምተውም ልጆቻቸውን ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው! ሕጉ በ2008 እ.ኤ.አ. ከለከለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ግን ከተገረዙት ልጃገረዶች አብዛኞቹን የገረዟቸው ሐኪሞችና ነርሶች ሆነው ተገኙ። ማደንዘዣው ሕመሙን አስቀረ እንጂ የተወሰደባትን ነገር አልመለሰም።

ስለዚህ እናት ልጇን ይዛ ስትመጣባችሁ ስለ ደም ብቻ አታውሩ። በሩን ዝጉና አስቀምጧት። ቂንጥር የተፈጠረው ለደስታ እንደሆነ፣ ደስታውም የልጅቷ እንደሆነ በግልጽ ንገሯት። አትፈሩ። እናንተ ካፈራችሁ እሷ ከማን ትስማ?

የተገረዘችም ትመጣለች። ስንቶቹ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሲወጣ ጠብቀው፣ "ከባሌ ጋር ስሆን ምንም አይሰማኝም፤ በሽታ ነው?" ብለው በጆሮዬ ጠይቀውኛል። "ልማድ ነው፣ ቻይው" አትበሏት። ከውጭ የሚታየው የቂንጥር ጫፍ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ በሰውነቷ ውስጥ ነው። ተቆርጦም ስሜቱ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። ወረቀት አውጡና ሥዕሉን ሠርታችሁ አሳዩዋት። ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ያመማትን ነገር "ተው" ማለት መብቷ እንደሆነ ንገሯት። ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ በሌላ ቀን ባሏን ይዛ ትምጣ፤ እሱም ይህን ያስተማረው የለም።