የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሠርግ ቤት ማይክ እስከ ካሜራ ፊት

ሰሞኑን ከአዳማ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ኮሜዲና ስለ ትወና የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው። ሠርግና ምርቃት ላይ እየተጠራሁ አስቃለሁ። ኮሜዲያንም፣ የቴአትርም፣ የፊልምም ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «አዲስ አበባ ካልገባህ ጊዜህን አታቃጥል» ይሉኛል። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከያዝከው ጀምር። ሆኖም ሠርግ ላይ ያገኘኸው ሳቅ እንዳያታልልህ። ሠርግ ቤት ያለ ሰው ሊደሰት የመጣ ነው፣ ሙሽራውን ያውቀዋል፣ ቢራውም ያግዝሃል። አሁን የሚያስፈልግህ ማንም በማያውቅህ አዳራሽ የሚሠራ የአምስት ደቂቃ ቀልድ ነው። ሲጻፍ ከ450 እስከ 550 ቃል ይሆናል፤ የቀረውን ጊዜ ሳቁ ይወስደዋል።

ጻፈው። «በአእምሮዬ ይዤዋለሁ» የሚል ኮሜዲያን በሁለተኛው ቀን መነሻውን ያስረዝማል፣ በሦስተኛው ቀን መጨረሻውን ይረሳል። ስታቀርብ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ሳይሆን ተመልካቹ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ድምፁን ቅዳ። ቤት ገብተህ ወረቀቱን ይዘህ ስማውና ሳቅ የመጣበትን ቃል ሁሉ አስምርበት። ሳቅ ሳይኖር ከ30 ሰከንድ በላይ የሄድክበትን ቦታ ወይ አሳጥረው ወይ አውጣው። አንድ ቀን ስላልሳቁ ብቻ ግን ቀልዱን አትጣለው፤ ቢያንስ አራት አምስት የተለያየ ተመልካች ፊት ይሞከር። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከሞተ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ መነሻው ረዝሟል፣ አንድ ቀልድ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ገብቷል፣ ወይም ከሳቁ በኋላ ቀልዱን ለማስረዳት ሞክረሃል።

አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዳራሹ ውስጥ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚናገር ሰው ይቀመጣል፤ ሁለቱንም የሚችለው ብዙ ነው፣ ሁሉም ግን አይደለም። ቀልዱን በአንዱ ቋንቋ ጀምረህ መቋጫውን በሌላው ካደረግከው ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ «ምን አለ?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ቀጣዩ ቀልድህም በዚያ ጥያቄ መካከል ይጠፋል። ቋንቋ መቀላቀል ከፈለግህ መሃል ላይ አድርገው፤ መቋጫው ሁሉም በሚያውቀው ቃል ወይም በእንቅስቃሴ ይለቅ። የሰውን ብሔር በአነጋገሩ እያስመሰሉ ማሳቅን ደግሞ ተወው፤ ያረጀ ነው፣ ጠብም ያመጣል።

አዲስ አበባን በተመለከተ መድረክና ካሜራ የሚጠይቁት ጊዜ አንድ አይደለም። ለቀረጻ የምትፈለገው በቁጥር ለታወቁ ቀናት ነው፤ የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዳማ ተነስቶ መሥራት ይቻላል። ቴአትር ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ልምምድ አለው። ለዚያ ሁሉ ልምምድ መመላለስ የትራንስፖርት ገንዘቡንም ጉልበትህንም ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቴአትሩን መጀመሪያ እዚያው አዳማ በአማተር ክበብ ሥራው፤ አንድ ተውኔት ከጠረጴዛ ንባቡ እስከ ጄኔራል ልምምዱና ምርቃቱ ድረስ አብረህ እለፍ። መድረክ የሚባለውን ሥራ ሳታውቅ አዲስ አበባ ገብተህ በር ብታንኳኳ «ምን ሠርተሃል?» ስትባል የምትመልሰው አይኖርህም።

ጥያቄ፦ በአማተር ክበባችን ቴአትር ላይ አስቂኙን ገጸ ባሕርይ እጫወታለሁ። ልምምድ ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ተመልካች ፊት ግን ግማሹ ሳቅ ይጠፋል። አዘጋጁ «ሳቅ ትገድያለሽ» ይለኛል። ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ ሳቁ ገና ሳያልቅ ቀጣዩን ቃለ ተውኔት ትጀምሪያለሽ ማለቱ ነው። ተመልካች የሚቀጥለው ነገር እንዳያመልጠው ሲል ሳቁን ይውጠዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዋጠ በኋላ መሳቁን ራሱ ይተወዋል። ሳቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ጫፉ ላይ አትናገሪ፤ ጨርሶ ዝም እስኪልም አትጠብቂ፤ ወርዶ አንድ ሦስተኛው ሲቀር ግቢበት። እስከዚያው እንደ ሐውልት አትቁሚ፤ ጀበናውን ክደኚ፣ ነጠላሽን አስተካክዪ፣ አብሮሽ የሚጫወተውን እዪው። ጣትሽ ሥራ ካለው ዝምታው የገጸ ባሕርይዋ ይሆናል፤ ሥራ ከሌለው «ሳቁልኝ» ብለሽ የምትጠብቂ ትመስያለሽ።

ሌላው ጥፋት ከቋንቋችን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ተናጋሪው ደግሞ ትንፋሹ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ነው። «ሰውየው ከነፍየሉ ባንክ ቤት ገባ» ሲባል አስቂኙ ፍየል መሃል ላይ ያልፍና «ገባ» ይሰማል። «ሰውየው ባንክ ቤት ገባ፤ ከነፍየሉ» ቢባል ግን ሳቁ ማረፊያ ያገኛል። ደራሲው ከፈቀደ የሚያስቀውን ቃል ወደ መጨረሻ አምጪው። ካልፈቀደ ከዚያ ቃል በፊት ትንፋሽ ወስደሽ የመጨረሻውን ፊደል አትዋጪ። የኋላ ወንበር ያለ ሰው የመጨረሻዋን ፊደል ካልሰማ አይስቅም።

ያንቺ ጥፋት ያልሆነም አለ። አስቂኙን ቃል በምትናገሪበት ሰዓት ሌላ ተዋናይ ወንበር ከጎተተ፣ በር ከከፈተ ወይም ብርጭቆ ካነሳ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ይህን ልምምድ ላይ አዘጋጁ ነው የሚያስተካክለው፤ ንገሪው። አንድ ቀን በደንብ ስለሳቁ በማግስቱ ከራስሽ ቃል እንዳትጨምሪ። የመብራትና የድምፅ ባለሙያው የሚሠራው የንግግርሽን መጨረሻ ጠብቆ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨምሪ እሱ መብራቱን አጥፍቶ አንቺ ጨለማ ውስጥ ትቀሪያለሽ።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ ጎበዝ ነው እባላለሁ። በቅርቡ አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ስገባ ግን ዳይሬክተሩ በየሲኑ «ይሄ ቴአትር ነው፣ ቀንሰው» ይለኛል። ስቀንሰው ደግሞ ቀልዱ ይሞታል።

መልስ፦ የቀነሱት ምናልባት ጉልበቱን ነው፤ መቀነስ ያለበት ስፋቱ ነው። መድረክ ላይ ቅንድብዎ የሚነሳው ለመጨረሻው ረድፍ ነው፤ በቅርብ ሾት ግን ያው ቅንድብ የስክሪኑን ሲሶ ያክላል። ሐሳቡ በተመሳሳይ ፍጥነት ይምጣ፤ ፊትዎ እንዲያሳየው አያስገድዱት። ቤት ውስጥ ስልክዎን በዓይንዎ ቁመት አንድ ሜትር ርቀት ላይ አቁመው አንዱን ንግግር ሦስት ጊዜ ይቅረጹ፦ እንደ መድረክ፣ ጠረጴዛ ማዶ ላለ ሰው፣ ከዚያ በሹክሹክታ ጫፍ። ድምፁን አጥፍተው ይዩት። ሐሳቡ ያለ ድምፅ የሚነበብበት ትንሹ መጠን፣ የርስዎ መጠን እሱ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን ጊዜውን የሚይዘው ሰው መለወጡ ነው። መድረክ ላይ ተመልካቹ በሳቁ ይነግርዎታል። ቀረጻ ላይ ማንም አይስቅም፤ ከሳቁም ቴኩ (የዚያ ጊዜው ቀረጻ) ይበላሻል። ሳቁን የሚሠራው ኤዲተሩ ስለሆነ እርስዎ የሚቆርጥበትን ቦታ ይስጡት። ከአስቂኙ ቃል በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል በገጸ ባሕርይው ውስጥ ሆነው ይቆዩ፤ «ካት» ሳይባል ፊትዎን አይፍቱ። በቅርብ ሾት ጊዜ የባልደረባዎ ንግግር ላይ አይደርቡ፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ከተቀዱ መለየት አይቻልም።

ከዚያ ኮንቲኒውቲ፣ ማለትም የሾቶቹ እርስ በርስ መግጠም፣ አለ። በሰፊው ሾት ሲኒውን «አማትህ» በሚለው ቃል ላይ በቀኝ እጅዎ ካነሱ፣ በቅርቡም ሾት በዚያው ቃል በዚያው እጅ ማንሳት አለብዎት። ካልገጠመ ኤዲተሩ ጥሩውን ትወና ትቶ የገጠመውን መጥፎ ይወስዳል። መድረክ ላይ በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ መለወጥ የለመደ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በስክሪፕቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ሲኒ፣ ቀኝ፣ አማትህ» ብለው ይጻፉት።

የራስዎን አጭር ቪዲዮ አዳማ ውስጥ ደጅ የሚቀርጹ ከሆነ ስለ ነፋሱ ያስቡበት። ከተማዋ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላት በከንቱ አይደለም። የስልኩ ማይክ ነፋሱን እንደ ጩኸት ይቀዳዋል፣ ኋላም አይጸዳም። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ይግዙ፤ ጠጉራም መሸፈኛው አብሮት መኖሩን ያረጋግጡ። ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ ሲያየኝ ገና አፌን ሳልከፍት ይስቃል። ቁም ነገር ያለው ገጸ ባሕርይ የሚሰጠኝ አጣሁ። ከዚህ መውጣት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በአንድ ዝላይ ግን አይሆንም። ኮሜዲ ሁልጊዜ ከቁም ነገር ቴአትር ተለይቶ የኖረ አይደለም፤ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ»ና «ጠልፎ በኪሴ» ያየ ሰው ሳቅና ማኅበራዊ ጥያቄ በአንድ ተዋናይ አፍ እንደሚሄዱ ያውቃል። ተመልካቹ የሚስቀው በአንተ ሳይሆን ደጋግመህ ባሳየኸው ምልክት ነው፦ አንድ ዓይነት አካሄድ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ። ቁጠራቸው። ለቁም ነገሩ ሥራ ሁሉንም አውጣ፤ አንዷ ከቀረች እሷ ታስቃለች።

ጥሩ መሸጋገሪያ ሬዲዮ ነው። ፊትህ አይታይም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ባላባቱንም ገበሬውንም ሴቷንም በአንድ ጉሮሮ ይዟቸዋል፤ የሁለገብነት ትምህርት ቤት ከፈለግህ እሱን ደጋግመህ ስማ። ድምፅን የሚለየው ቅጥነትና ውፍረት ብቻ አለመሆኑን ልብ በል፤ ፍጥነቱ፣ ትንፋሹ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቃሉን የሚጫንበት ኃይል ነው። ከዚያ በቴአትር ሁለት ሲን ብቻ ያለው ትንሽ የቁም ነገር ሚና ውሰድ። መጀመሪያ ብቅ ስትል ሰው ይስቃል፤ አትቆጣ፣ ሳቁንም አታጅበው። በመጀመሪያው ደቂቃ ብዙ አትንቀሳቀስ፣ ንግግርህንም ሳቁ ሳያልቅ አትጀምር። የሚጠብቁትን ምልክት ሲያጡት በራሳቸው ዝም ይላሉ።

ጥንድ ሆነህ የምትሠራ ከሆነም እንደ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እንደ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ያሉትን ጥንዶች መለስ ብለህ እይ። አንዱ ሲያስቅ ሌላው ምን እንደሚሠራ ብቻ ተመልከት። ሳይስቅ መስማትን የቻለ ኮሜዲያን የቁም ነገር ተዋናይነቱን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቻችን ቴአትር የምንለጥፈው ጢም በአዳማ ሙቀት መሃል ላይ ይወድቅብናል።

መልስ፦ ቆዳው ላይ ላብና ቅባት እያለ ነው የምትለጥፉት። ተማሪዎቹ ሜካፕ ከመቀባታቸው በፊት ቦታውን በአልኮል አጽድታችሁ አድርቁ። ለቆዳ የተሠራውን የሜካፕ ሙጫ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ወዲያው አትለጥፉ፣ በጣት ሲነካ እስኪያጣብቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ጠብቁና ጢሙን ጫኑት። አፍ ሲከፈት የሚነሳው የከንፈር ዳር ስለሆነ ጢሙን መሃሉ ላይ ለሁለት ቁረጡት። ሱፐር ግሉ በፍጹም፤ ቆዳ ያቃጥላል። በዋዜማው በክንድ ውስጠኛው ክፍል ላይ ሞክሩት፣ ሲያወልቁም በዘይት አርሰው ይሁን። ይህ ሁሉ ጣጣ ከበዛባችሁ ጢሙን ትታችሁ በኩል ሳሉት፤ ለኮሜዲ እንዲያውም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጭውውት ጽፌ በቲክቶክ ለቀቅኩ፤ ሌላ ሰው ቃል በቃል ሠራው። አንድ ፕሮዲዩሰር ደግሞ ቀሪ ክፍያዬን «ፊልሙ ሲወጣ» እያለ ያመላልሰኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጻፍሽውን ሥራ ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ ያለ ምዝገባ ይጠብቀዋል። ሐሳብን ግን አይጠብቅም። «አማትና ምራት በአንድ ወንበር» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው፤ አንቺ የጻፍሽው ንግግርና ቅደም ተከተል ግን ያንቺ ነው። ስለዚህ ከመልቀቅሽ በፊት ስክሪፕቱን በራስሽ ኢሜይል ላኪው፤ ቀኑ ማስረጃ ይሆንሻል።

ስለ ክፍያው፦ «ሲወጣ» የሚባል ቀን የለም። ለወደፊቱ ውሉ ላይ የቀረጻ ቀናት ብዛት፣ በቀን የሚሠራው ሰዓት፣ ከተባለው በላይ ከሄደ ለተጨማሪው ቀን የሚከፈለው፣ ትራንስፖርትና ምግብ የማን እንደሆነ፣ ስምሽ የሚጻፍበት ቦታ ይግባ። ክፍያውን ለሦስት ክፈዪው፦ ስትፈራረሙ፣ ቀረጻው ሲጋመስ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከመጨረሻው የቀረጻ ቀንሽ በፊት። ቀረጻ ካለቀ በኋላ በእጅሽ የሚቀር መያዣ የለም። ድምፅ ለማስተካከል መልሰው ከጠሩሽ ያ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ቀሪውን ያኔ ጠይቂ።

ገቢሽን በዓመት ደልድዪው። የሠርግ ሥራ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ይደርቃል፤ የበዓል ዝግጅት ቀረጻ የሚመጣው ከበዓሉ በፊት ነው። ቀልድ የሚጻፈው፣ ቴአትር የሚለመደው በጾሙ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለት ትርኢት በኋላ ድምፄ ይጎረንናል።

መልስ፦ ከመግባትህ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በከንፈር እያንጠረጠርክና እያንጎራጎርክ አሙቀው፤ ውኃ ቀኑን ሙሉ ጠጣ፣ ልትገባ ስትል ብቻ አይደለም። ሲጎረንን አትንሾካሾክ፤ ሹክሹክታ ድምፅን አያሳርፍም፣ ዝም በል። ጉሮሮህን ደጋግመህ አትጥረግ። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይይህ።