ሻንሲው ተሰንጥቋል፤ ልበየደው ወይ?

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው ያለሁት። ያገለገለ አሜሪካ ሠራሽ ትራክተር (ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና) ገዝቼ እሠራለሁ። ሰሞኑን ፊፍዝ ዊሉ (ተሳቢው የሚገጠምበት ሳህን) የታሰረበት ቦታ፣ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ዋና ብረት) ላይ ስንጥቅ አየሁ። በያጁ «የአንድ ሰዓት ሥራ ናት» አለኝ። አገር ቤት ቮልቮ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «የአሜሪካ ሻንሲ ልፍስፍስ ነው፣ የአውሮፓ ነበር መግዛት» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መኪናውን አቁም። ያለህበት አገር ፌዴራል ደንብ፣ ቁጥር 393.201፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ ይዞ መንገድ መውጣትን ይከለክላል።

የአጎትህ ልጅ ነገሩን ገልብጦታል። የአሜሪካ ከባድ ትራክተር ሻንሲ ብዙውን ጊዜ በእሳት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ የጠነከረ ብረት ነው። ጎብጦ ሳይቀር የሚችለው ጫና በካሬ ኢንች 120,000 ፓውንድ ነው። በአውሮፓ መለኪያ 827 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። የአውሮፓዎቹ በአብዛኛው ከ500 እስከ 700 ውስጥ ናቸው። ውፍረቱም ያው ነው። የተለመደው የአሜሪካ ሻንሲ 270 ሚሊሜትር ቁመት፣ 8 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ቮልቮ ኤፍኤች ላይ 300 በ8 የሆነ ታገኛለህ።

ታዲያ «ልፍስፍስ» የሚለው ከየት መጣ? ጠንካራ ብረት ማለት የማይወዛወዝ ብረት ማለት አይደለም። በዚህ በኩል የብረት ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ ወሳኙ ቁመቱና ውፍረቱ ነው። ስለዚህ 300 ቁመት ያለው 270ውን ይበልጠዋል። የአሜሪካው ይወዛወዛል፣ ግን ይመለሳል። የአሜሪካው ረጅም አፍንጫም፣ ማለትም ሞተሩ ከጋቢናው ፊት መሆኑ፣ ከጥንካሬ ጋር አይገናኝም። አውሮፓ ተሳቢውን ጨምሮ 16.5 ሜትር ላይ ስለሚገድብ ጋቢናው ሞተሩ ላይ ይወጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ሕግ የትራክተሩን ርዝመት መቁጠር ትቷል፤ አፍንጫውም እንደልቡ ረዘመ።

አሁን ወደ በያጁ። እሳት ያጠነከረውን ብረት እሳት ያለሰልሰዋል። አዳማ ጋራዥ ስሠራ ያልበየድነው ሻንሲ አልነበረም፤ የአውሮፓዎቹ ብረት ብየዳ ስለሚቀበል ብዙዎቹ ይዘውልን ነበር። እዚህ አሜሪካ መጥቼ ያንኑ ልማድ ይዤ አንዱን በየድኩ። ብየዳው ያማረ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ተመለሰ። ብየዳዬ ምንም አልሆነም። ከጎኑ፣ ጣት በሚያህል ርቀት፣ ብረቱ በሙቀት ሰማያዊ የሆነበት መስመር ላይ ፀጉር የመሰለ አዲስ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር። በገዛ ኪሴ ከፈልኩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሳና ቀዩን የስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም ንፋበት። ትንሽ ቆይተህ ጥረገው፣ ነጩን ንፋ። ስንጥቁ ቀይ ክር ሆኖ ይወጣል። የት እንደሚያልቅ እይ። ሻንሲው ቁም ግድግዳ አለው፣ ከላይና ከታች ደግሞ የታጠፈ ከንፈር አለው። ከባዱ ጫና ያለው ከንፈሩ ላይ ነው። ስንጥቁ እዚያ ከደረሰ እኔ ብሆን ብየዳ አላስበውም፤ ሻንሲውን አስቀይራለሁ። ግድግዳው ላይ ብቻ ከሆነ በሻንሲ ቁጥርህ ወኪሉን ጠይቅ። የብረቱን ዓይነትና ፋብሪካው የሚፈቅደውን ጥገና ይነግርሃል። ብዙ ጊዜ በቡሎን የሚታሰር ደጋፊ ብረት ይጨመራል። ከንፈሩን ግን በትራፓኖ እንዳያስነካ፤ ፋብሪካው ካልፈቀደ ደንቡም ይከለክላል። ብየዳ ከተፈቀደም ባትሪው ይነቀል፣ አለበለዚያ ኮምፒውተሩን ታቃጥላለህ።

ከሁሉ በፊት ግን የፊፍዝ ዊሉን ቡሎኖች እይልኝ። ዙሪያቸው ቡናማ ዱቄት ካለ ላልተው ሲፋተጉ ኖረዋል፤ ስንጥቁንም ያመጣው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እነሱን ሳትቀይር ሻንሲ ብትቀይር ገንዘብህን በላኸው። የአጎትህ ልጅም የራሱን ቮልቮ ቡሎኖች ይይ፤ እነሱም ይላላሉ።