«ፈታኝ»፣ «ተፋታን»፣ «አከራካሪ ፍቺ»፦ ማመልከቻ ላይ የትኛው ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎንደር ፍርድ ቤት አካባቢ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ለፍቺ ከሚመጣው ባለጉዳይ አንዷ «ባሌ ፈታኝ» ትለኛለች፣ ሌላው «ተፋታን»፣ ሌላው «ተለያየን»። ሰሞኑን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «አከራካሪ ፍቺ» እና «አከራካሪ ያልሆነ ፍቺ» የሚል አነበብኩ። እንዲህ ብዬ ብጽፍ ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ባትጽፊው ይሻላል። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ግሱን እንየው።

ፈታ ማለት የታሰረን መልቀቅ ነው። ገመድ ይፈታል፣ በሬ ከቀንበር ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልምና እንቆቅልሽም ይፈታሉ። ግዕዙ «ፈትሐ» ነው። በግዕዝ ደግሞ መፍታትም መፍረድም በዚሁ በአንድ ቃል ነው የሚነገረው። ፍትሕ የምንለው ከእሱ ነው፣ ለሞተ ሰው የሚደረገው ፍትሐትም ከእሱ ነው፣ ፍቺም ከእሱው ነው። «ተ» ወደ «ቸ» መዞሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከፈተ ብለን ከፋች፣ ሞተ ብለን ሟች እንላለን።

አሁን ወደ ባለጉዳዮችሽ። «ፈታኝ» ስትል ፈቺው አንድ ሰው ነው፣ እሷ ተፈቺ ናት። «ተፋታን» ግን እንደ «ተጋባን»፣ እንደ «ታረቅን» የሁለት ሰው ግስ ነው። «አፋታቸው» ካልሽ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ገባ፤ ዳኛ ወይም ሽማግሌ ማለት ነው። በሰዋስው ሦስቱም ልክ ናቸው። የሚለያዩት ሥልጣኑን ለማን እንደሚሰጡ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ስንትና ስንት ሴት «እሱ አልፈታሽም ብሎኛል፣ ምን ላድርግ» ብላ ዓመት ከዓመት ቁጭ ትላለች። ቋንቋው ቁልፉን ባል እጅ ላይ አስቀምጦባታል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ከተጋቢዎቹ አንዱ ብቻውን፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ፍቺ መጠየቅ ይችላል። ሌላው «አልፈታም» ስላለ ብቻ ነገሩ አይቆምም። ፍርድ ቤቱ ሊያስታርቅ ይሞክራል፣ ለሽማግሌም ሊመራቸው፣ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህ የማሰቢያ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም። እናንተ ዘንድ የሚሠራው የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፤ አንቀጽ የምትጠቅሺ ከሆነ ከእሱ ጥቀሺ።

ወደ «አከራካሪ ፍቺ» ልምጣ። በአማርኛ «አከራካሪ» ስንል የሰው ሐሳብ የተለያየበት ነገር ማለታችን ነው። አከራካሪ ጎል ስትዪ «ገብቷል» «አልገባም» የሚባልበትን ነው። እንግዲህ «አከራካሪ ፍቺ» ያልሽው ሰው «ተፋተዋል ወይስ አልተፋቱም?» የሚል ጥርጣሬ ነው የሚመጣበት። ጸሐፊው ግን ሊል የፈለገው ሌላ ነው። ቃሉ የመጣው እንደ አሜሪካ ካሉ አገሮች ነው። እዚያ ተጋቢዎቹ በሁሉም ነገር፣ በንብረቱም፣ በልጆቹም፣ በቀለቡም ተስማምተው ከቀረቡ ፍቺው ክርክር የሌለበት ይባላል። አንድ ጉዳይ እንኳ ካልተስማሙበት ክርክር ያለበት ይሆንና ዳኛው ይወስናል።

እኛ ጋ ሕጉ ፍቺን የሚለየው በመግቢያ በሩ ነው። አንዱ በር ስምምነት ነው፤ ባልና ሚስቱ አብረው ስምምነታቸውን ያቀርባሉ፣ ምክንያታቸውን ለመናገር አይገደዱም፣ ፍርድ ቤቱ ፈቃዳቸው የእውነት መሆኑን አይቶ ያጸድቃል። ሌላው በር የፍቺ ጥያቄ ነው። በጥያቄ የገቡ ሰዎች መንገድ ላይ በንብረቱ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ለመፋታት የተስማሙ ደግሞ በቤቱ ወይም በልጆቹ ሊጣሉ ይችላሉ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጭቅጭቁ ያለው ሕጉ «የፍቺ ውጤት» በሚለው በንብረትና በልጆች ጉዳይ ላይ ነው፣ ፍቺው ላይ አይደለም። «አከራካሪ ፍቺ» የሚለው አባባል ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። ዳኛም የሚያነበው፣ ባለጉዳይም የሚፈርምበት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ብዥታ ጥሩ አይደለም።

አንቺ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «አመልካቾች በፍቺውም በውጤቱም ተስማምተናል።» ካልተስማሙ ደግሞ፦ «አመልካች የፍቺ ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ በንብረት ክፍፍልና በልጆች አስተዳደግ ከተጠሪ ጋር አልተስማማንም።» ረዘም ይላል፣ ግን ማን እንደጠየቀና ምን ላይ እንዳልተስማሙ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። «ተፋታን» ብቻ ካልሽ ማን እንደጠየቀ አይታወቅም።

«ተለያየን» የሚለውን ሲነግሩሽ ዝም ብለሽ «ተፋታን» ብለሽ እንዳትለውጪው። በየቤታቸው አምስት ዓመት ቢኖሩም ፍርድ ሳይሰጥ ተፋቱ ብለሽ አትጻፊ። ወደ ገጠሩ ገባ ስትዪ ደግሞ ትልልቆቹ «ሰማንያችንን ቀደድን» ይሉሻል። ሰማንያ የጋብቻው ውል ነውና በእነሱ አነጋገር መፋታት ማለት ነው፤ የሚያምር አማርኛም ነው። እንዲህ ያለች እናት ስትመጣ ብዕርሽን ከማንሳትሽ በፊት ረጋ ብለሽ ጠይቂያት፦ «እማማ፣ ፍርድ ቤት ወስኖላችኋል ወይስ ወረቀቱን ብቻ ነው የቀደዳችሁት?»