ደም መጣጩ ትል በደሙ ለምን አይመረዝም? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በጎቼን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጥላቸው ትል ደም መጣጭ ነው ተባልኩ። ከደም የሚወጣው ሄም የተባለ ብረት ያዘለ ነገር መርዛማ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ታዲያ ትሉን ለምን አይገድለውም?

መልስ፦ ይህ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የሚባለው ትል ነው፤ የሚኖረው በበግና በፍየል አራተኛው የሆድ ክፍል ነው። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል፤ 5,000 ትል ያለባት በግ በየቀኑ ሩብ ሊትር ገደማ ታጣለች። ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን ሄሞግሎቢን በትሉ አንጀት ሲፈጭ ሄም ይወጣል፤ ልቅ ሆኖ ከተተወ የሕዋሱን ቅባትና ፕሮቲን ያቃጥላል። ትሉ ደግሞ ሄምን ራሱ መሥራት ስለማይችል ሁሉንም አስወጥቶ መጣል አያዋጣውም። ለዚህ መፍትሔ ከሚሆኑት መካከል ግሉታታዮን ኤስ ትራንስፈሬዝ የተባሉት ኢንዛይሞች እንደሚገኙበት ይታመናል። ከነዚህ አንዱ ሄምን አጥብቆ እንደሚይዝ ታውቋል። የዚህ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ዋና ሥራ ግን ግሉታታዮን የተባለውን የሕዋስ ትንሽ ሞለኪውል ከመርዛማ ነገሮች ጋር አጣብቆ ማርከስ ነው።

ጥያቄ፦ አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት አልሠራ ያለኝ እነዚሁ ኢንዛይሞች መድኃኒቱን እያረከሱት ነው?

መልስ፦ እነሱ ሳይሆኑ ሌሎች የትሉ ኢንዛይሞች ጥቂት ድርሻ ይኖራቸዋል፤ አልቤንዳዞል ላይ ስኳር እየለጠፉ ያዳክሙታል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቤታ ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን በ167ኛው፣ በ198ኛው ወይም በ200ኛው ቦታ ላይ ሲለወጥ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል።

ከዚያ በፊት ግን አሰጣጥዎን ይጠርጥሩ። የበግ መጠን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ 25 ኪሎ የሆነ በግ 125 ሚሊ ግራም፣ በ2.5 በመቶው ፈሳሽ ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ክብደቱን በዓይን ገምተው 18 ኪሎ ካሉት መድኃኒቱ ያንሰዋል፤ ጠንካሮቹ ትሎች ተርፈው ይራባሉ። ጠርሙሱንም ሳይንጡ አይቅዱ፤ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል። በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ላይ ላለች በግ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ለፍየሎቼ የበጉን መጠን ብሰጥስ?

መልስ፦ አይበቃም። እዚህ ላይ መድኃኒቱን የምታረክሰው ፍየሏ ራሷ ናት፤ ጉበቷ ከበግ ፈጥኖ ይሰባብረዋል። በተለምዶ እጥፉ፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ቴትራሚዞልና ሌቫሚዞል የተባሉት ሌሎች የትል መድኃኒቶች ላይ ግን በዘፈቀደ አያጥፉ፤ መርዛማው መጠን ቅርብ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይወስንልዎ።

ጥያቄ፦ ክትባት የለውም?

መልስ፦ አለ፤ ባርበርቫክስ በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ለገበያ ቀርቧል። ከላይ ካነሳናቸው ኢንዛይሞች ሳይሆን ከትሉ የአንጀት ሽፋን ፕሮቲኖች ነው የሚሠራው፤ እነሱም የሚወጡት ከበግ ሆድ ከሚሰበሰቡ ትሎች ነው። መከላከሉ ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ መደጋገም አለበት።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ መሥራቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በሰጡበት ቀን ከ10 እንስሳት በጠጥ ወስደው የትል እንቁላሉን ያስቆጥሩ፤ በ14ኛው ቀን ከእነዚያው ይድገሙ። የእንቁላሉ ብዛት ቢያንስ በ95 በመቶ ካልቀነሰ መድኃኒቱ አልሠራም። እስከዚያው የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ አድርገው ይዩ፤ ወደ ነጭነት የገረጣው ወይም ከመንጋጋው ሥር ያበጠው ቅድሚያ ይታከም።