ከፊቱ ጀምሩ

ልጆቼ፣ ሥዕል ሳስተምር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ «ጋሼ፣ ይሄ አለቀ?» እያላችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ከልብሱ ትጀምራላችሁ። ቁልፉን፣ ጥለቱን፣ የኮሌታውን እጥፋት አሳምራችሁ ትሠራላችሁ። ፊቱ ጋ ስትደርሱ ግን ድክም ብሏችኋል።

ክፍሌ ግድግዳ ላይ ያለውን የዊልያም ዊልበርፎርስን ሥዕል ኅትመት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዊልበርፎርስ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የታገለ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር። ሥዕሉ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶማስ ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1828 የሣለው ነው፤ ዋናው ለንደን፣ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ይገኛል። ፊቱ አልቋል። ሽበቱ፣ የዓይኑ ብርሃን፣ ፈገግ ሊል የተቃረበው አፉ፣ ሁሉም አለ። ኮቱ ግን ንድፍ ብቻ ነው። ሎውረንስ በ1830 ሞተ፤ ሥዕሉም እንደዚያው ቀረ።

ዊልበርፎርስ ራሱን ዘንበል አድርጓል። ወዳጁን የሚያዳምጥ ይመስላል። ለካስ ጀርባው ጎብጦ በብረት ድጋፍ ነበር የሚቀመጠው። ሎውረንስ ሕመሙን አልደበቀበትም፤ መሳቂያም አላደረገውም። እኔ ሁሌም እዚህ ላይ ነው ዓይኔ የሚቀረው። የምትሥሉትን ሰው እንዲህ አክብሩት።

ያላለቀው ሥዕሉ ብቻ አልነበረም። ዊልበርፎርስ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለፓርላማ ያቀረበው ረቂቅ በ1791 በ163 ለ88 ድምፅ ወደቀ። ደጋግሞ አቀረበ፣ ደጋግሞ ተሸነፈ። በ1807 ነው 283 ለ16 ያለፈው። ብቻውንም አልነበረም። ቶማስ ክላርክሰን በፈረስ አገር ላገር እየዞረ ማስረጃ ለቅሟል። ራሱ ባሪያ የነበረው ኦላውዳ ኢኩዋኖ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። እነሱን ሳታውቁ የዚህን ሰው ፊት ብቻ ብታደንቁ ቅር ይለኛል።

የ1807ቱ ሕግ ንግዱን ከለከለ እንጂ ባርነቱን አልነካም። ዊልበርፎርስ ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ ማለፉ እንደማይቀር የሰማው በ1833፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያም ሕግ ለባሪያ አሳዳሪዎቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። በባርነት ለኖሩት ግን ሰባራ ሳንቲም አልሰጠም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ስትመጡ ኅትመቱን አወርድላችኋለሁ። ሩብ ሰዓት ዝም ብላችሁ እዩት። ከዚያ እርሳሳችሁን አንሡና ከዓይኑ ጀምሩ። ኮቱ ይቆይ።