መልስ፦ ልጄን ልዩ ትምህርት ቤት ላስገባው?

እህቴ፣ የ9 ዓመት ልጅሽ ዲስሌክሲያ (የማንበብና የመጻፍ ችግር) አለበት ተብሎ «ልዩ ትምህርት ቤት ይጠቅመዋል ወይስ ከእኩዮቹ ይነጥለዋል?» ላልሽው፣ እኔ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ትምህርቱ በትክክል ከተሰጠ ማለቴ ነው።

ዲስሌክሲያ ስንፍና አይደለም። የጭንቅላት ድክመትም አይደለም። ችግሩ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘቱ ላይ ነው። ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና መምህርቷ አና ጊሊንግሃም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ልጁ ፊደሉን አሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ ይላል። ዓይን፣ ጆሮና እጅ አብረው ይማራሉ። አንዱ ድምፅ በደንብ ሳይያዝ ወደ ሌላው አይታለፍም። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማድረግ ዘበት ነው።

ሌላው ጥቅም (ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው) ሃፍረቱ መቅለሉ ነው። «አንብብ» ሲባል ሆዴን አመመኝ የሚል ልጅ፣ ጎኑ ያለውም እንደሱ ሲንተባተብ ሲያይ ቀስ በቀስ እጁን ማውጣት ይጀምራል።

ከመመዝገብሽ በፊት ክፍል ገብተሽ ተቀመጪ። ለአንድ አስተማሪ ስንት ልጅ እንደሚደርስ ቁጠሪ። ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች እንዳሉም ጠይቂ። «እናድነዋለን» ካሉሽ ግን ውልቅ በይ፤ ዲስሌክሲያ በመድኃኒት የሚድን በሽታ አይደለም።